ከኮሶ እስከ ሚድታውን፦ የሥጋ አበላላችን ታሪክና የጤና መዘዙ

ስለ ኢትዮጵያውያን የሥጋ አበላል በጽሑፍ የቀረልን ማስረጃ በአብዛኛው የውጭ አገር መንገደኞች የተዉት ነው። ከእነርሱም ገሚሱ በመደነቅ፣ ገሚሱ በመጸየፍ ስለ ጻፈ፣ የእኛ ምሁራን መልስ ሁለት ዓይነት ሆኖ ኖሯል፤ ወይ ባህልን ከነቀፋ መከላከል፣ ወይ ነገሩን በዝምታ ማለፍ። ሁለቱም አካሄዶች ለታሪክም ለጤናም የጠቀሙ አይመስለኝም። ይህ ጽሑፍ የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ ጥሬ ሥጋ መብላት በአገር ቤት ሳለ ብቻውን የቆመ ልማድ አልነበረም፤ በጾም፣ በእርድ ሥርዓት፣ በኮሶ መድኃኒት፣ በድህነትም ጭምር የታጠረ ነበር። ወደ ስደት ስንወጣ ሥጋውን ይዘን አጥሩን ትተን መጣን፤ እዚህ የጠበቀን አደጋ ደግሞ አባቶቻችን ከሚያውቁት የተለየ ነው። ለምሳሌ የተመረጠው ስፍራ በአትላንታ ከተማ የሚገኘው ሚድታውን የተባለው ሰፈር ሲሆን፣ ምክንያቱ በቦታው ይገለጻል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ልማዱ አመጣጥ ጥቂት ቃል ማለት ያስፈልጋል። በብዙዎቻችን ዘንድ የሚነገረው ታሪክ፣ ጥሬ ሥጋ የተለመደው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ነው፤ ወታደሩ የእሳት ጭስ ለጠላት መደበቂያውን እንዳይጠቁምበት ሳይጠብስ መብላት ጀመረ የሚል ነው። ታሪኩ ለጆሮ የሚጥም ቢሆንም ከሰነድ ጋር አይስማማም። የፖርቱጋል መልእክተኞችን ተከትሎ በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ በአንጎት ገዥ ማዕድ ላይ ጥሬ የበሬ ሥጋ ከሐሞት በተሰናዳ ማባያ እንደ ቀረበ ጽፏል። አልቫሬዝ ከኢትዮጵያ የወጣው በ1526 ሲሆን፣ ዐፄ ልብነ ድንግል በሽምብራ ቁሬ የተሸነፉት በ1529 ነው። ስለዚህ ልማዱ ከጦርነቱ አስቀድሞ በመኳንንቱ ገበታ ላይ በክብር የተቀመጠ ነበር ማለት ነው። የጭሱ ታሪክ ምናልባት ልማዱን ከችግር የተወለደ አድርጎ በማቅረብ ለባዕድ ይቅርታ የምንጠይቅበት ዘዴ ሳይሆን አይቀርም።

ከአልቫሬዝ በኋላ በዓለም ዘንድ ስማችንን በጥሬ ሥጋ ያስጠራው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገብቶ በ1770 ጎንደር ደረሰ። በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ውስጥ፣ ከአክሱም አልፎ ባለው መንገድ ላይ ወታደሮች ከሕያው ላም ሥጋ ቆርጠው ሲበሉ አየሁ ብሎ በመጻፉ፣ የለንደን ሊቃውንት ውሸታም አሉት። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ቢሆንም ለእኛ ጉዳይ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመን ሌላው የብሩስ ሥራ ነው፤ ይኸውም ስለ አገሪቱ ዕፀዋት በጻፈው ክፍል የኮሶን ዛፍ በሥዕል አስደግፎ መግለጹና ሕዝቡ በምን በሽታ ምክንያት እንደሚጠጣው ማስረዳቱ ነው። ላሚቱን አስመልክቶ ብዙ ቀለም ፈሰሰ፤ ኮሶውን ያነበቡት ግን ሐኪሞች ብቻ ነበሩ።

ቋንቋችን ራሱ ስለዚህ በሽታ አንድ የሚያስገርም ምስክርነት ይሰጣል። ኮሶ የዛፉ ስም ነው፤ ኮሶ ከዛፉ አበባ የሚዘጋጀው መድኃኒት ስም ነው፤ ኮሶ በመድኃኒቱ የሚወጣው ትል ስምም ነው። «ኮሶ አለብኝ» እና «ኮሶ ጠጣሁ» ሲባል አንዱ ቃል ደዌውንም ፈውሱንም ይሸከማል። ሕዝቡ ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ሁለት ገጽታ አድርጎ ይኖርባቸው እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል።

ትሉ ኑሮውን በሁለት አካላት ተከፋፍሎ ይኖራል። ሰው በአንጀቱ የያዘው ትል ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ካልታከመም ለብዙ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ከጅራቱ በኩል እየተበጠሱ የሚወጡት ቁርጥራጮች እያንዳንዳቸው በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር እንቁላል ይይዛሉ። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ እንቁላሉ በሣሩ ላይ ይበተናል፤ ከብት ሲግጥ ይውጠዋል፤ ከከብቱም አንጀት በደም ተጉዞ በጡንቻው ውስጥ ከአተር ፍሬ የማይበልጥ ፊኛ መሰል እጭ ይሆናል። ይህን ሥጋ ሳያበስል የበላ ሰው እጩን ይቀበላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥም ትሉ ጎልምሶ ቁርጥራጩን መጣል ይጀምራል። መንገደኞች ኢትዮጵያውያን በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣሉ ብለው የመዘገቡት ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የትሉን ገላ አውጥቶ ራሱን ከአንጀት ግድግዳ ላይ ይተወዋል፤ ራሱ ከቀረ ደግሞ እንደገና ያድጋል። የሰውዬው የመጠጫ ቀጠሮና የትሉ የማደጊያ ዘመን የተገናኙት ማንም በጽሑፍ ሳይመዘግበው ከትውልድ ትውልድ በተላለፈ ልምድ ነው።

ኮሶ የሚበቅለው በደጋ ነው፤ ወንዴና ሴቴ ዛፍ አለው፤ ለመድኃኒት የሚፈለገውም የሴቴዋ ቀይ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ምሬቱ ለማንም አይነገርም፤ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ ኮሶ ቀምሶ በማያውቅ ሰው አፍ ሳይቀር ይሰማል። የጠጣ ሰው እስኪሽር ድረስ ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ አይቀበልም፤ አሽከርም ቢሆን የዚያን ዕለት ከሥራ ይፈታል። «ኮሶ ጠጥተዋል» መባል ባለ ጉዳይን ከደጅ ለመመለስ የሚበቃ ምክንያት እንደ ነበር መንገደኞቹ ይመሰክራሉ። እውነተኛው ጠጪ ስንቱ፣ ባለ ጉዳይ ያስመረረው ሹም ስንቱ እንደ ነበር ግን አንባቢ ይገምት። ከኮሶ ሌላ እንቆቆ፣ መተሬና ቀጨሞም ለዚሁ ያገለግሉ ነበር። መድኃኒቱ ያለ ጉዳት አልነበረም፤ መጠኑ ሲበዛ ያስመልሳል፣ ያደክማል፤ የዓይን ብርሃንን እስከ መጉዳትና እስከ ሞት መድረሱም በሐኪሞች ተመዝግቧል። አባቶቻችን ለሥጋ የከፈሉት ዋጋ በዚህ መልኩ በየሁለት ወሩ የሚታይና የሚቀመስ ነበር።

አውሮፓውያን መድኃኒቱን ተሻምተውበታል። ብሩስ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠርቶት ነበር፤ በ1791 ግን ጀርመናዊው ግመሊን ሐጌን ለተባለ የአገሩ ሰው መታሰቢያ አድርጎ «ሐጌኒያ አቢሲኒካ» አለው፤ በሳይንስ ዓለም የጸናውም ይኸው ስም ነው። ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቁስጥንጥንያ ሳለ አበባውን አግኝቶ ወደ ፓሪስ በመላኩ ለእርሱም ስም የሚሆን መጠሪያ ተቀጥሎለት ነበር። በ1864 በወጣው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ኮሶ ገብቷል። ዛፉን በሦስት ሰዎች ስም ሲጠሩት፣ መድኃኒትነቱን ያወቀችው የደጋ ሴት ስም ከአንዱም አልተጻፈም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ኒክሎሳማይድ፣ ቀጥሎም ፕራዚኳንቴል የተባሉት ክኒኖች በመምጣታቸው የኮሶ ዋንጫ ከከተማው ቤት ቀስ በቀስ ወጣ።

ክኒኑ ከመምጣቱ በፊት ግን አጥሩ ኮሶ ብቻ አልነበረም። የሰፊው ሕዝብ የዕለት ምግብ እንጀራና የጥራጥሬ ወጥ ነው። በሬ የሚያርስ ሀብት ስለ ሆነ እንደ ልብ አይታረድም፤ ገበሬው ሥጋ የሚያገኘው በፋሲካ፣ በገና፣ በመስቀል፣ በሠርግና በተዝካር ሲሆን፣ እርሱም ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ በቅርጫ የሚካፈለው ነው። በዚህ ላይ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ረቡዕና ዓርብን፣ ሃምሳ አምስቱን የዐቢይ ጾም ቀኖች፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ የፍልሰታንና የነነዌን ጾም ደምራ ምእመኑን በዓመት ወደ 180 ቀን ገደማ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ታግዳለች። ከብቱ በደጅ ታርዶ በዚያው ዕለት ይበላል፤ የማን ከብት እንደ ሆነ፣ ታሞ እንደ ነበር ወይም እንዳልነበር ጎረቤት ያውቃል። የሞተ ከብት መብላት በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ዘንድ የተከለከለ በመሆኑ ከአባ ሰንጋ ያዳነው ነፍስ ጥቂት እንዳልሆነ መገመት ይቻላል። ከዚህ አጥር ውጭ የነበሩት ባለ ግብሮቹ ናቸው። በምኒልክ አዳራሽ ብርንዶው ተሸካሚዎች በትከሻቸው በያዙት እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ በመደቡ መካከል ሲዞር፣ መኳንንቱና ወታደሩ እንደ ማዕረጋቸው ይቆርጡ ነበር። በሹላዳና በሻኛ ክፍፍል ማን ከማን እንደሚበልጥ ይታወቅ ስለ ነበር፣ ሥጋው ከምግብነት ይልቅ የሹመት ቋንቋ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ በስደት ስለ «ባህላችን» ስንናገር በአብዛኛው የምናስታውሰው ይህንን የአዳራሹን ገበታ ነው፤ የገበሬውን አይደለም።

በ1957 አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የቄራዎች ድርጅት በዚህ አጥር ላይ አንድ አዲስ ነገር ጨመረ። የእንስሳት ሐኪም የመንጋጋውን፣ የምላሱን፣ የልቡንና የትከሻውን ሥጋ እየሰነጠቀ እጭ ይፈልጋል። ምርመራው ጠቃሚ ቢሆንም ሁሉን አያይም፤ ጥቂት እጭ ያለበት በሬ ሊያመልጥ ይችላል። እጩን በእርግጥ የሚገድለው በሚገባ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአሥር ቀናት ያህል ማቀዝቀዝ ነው። ይህን የማቀዝቀዣ ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ባሕር ከተሻገርን በኋላ እንመለስበታለን።

የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ከወጣ ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን ካረፉባቸው ከተሞች አንዷ አትላንታ ናት፤ በ1996 ፋጡማ ሮባና ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ወርቅ ያጠለቁባት ከተማ። የማኅበረሰባችን አብዛኛው መኖሪያ በምሥራቅ በኩል በክላርክስተንና በዲካልብ አውራጃ ቢሆንም፣ ለዚህ ጽሑፍ ሚድታውንን የመረጥነው የአሜሪካ ሥጋ ታሪክ በአንድ ጥግ ላይ ተሰብስቦ ስለሚታይበት ነው። በኖርዝ አቬኑና በስፕሪንግ መንገድ ማዕዘን ላይ፣ ከጆርጂያ ቴክ አጠገብ፣ ፍራንክ ጎርዲ በ1928 የከፈተው ቫርሲቲ የተባለ የሆት ዶግ ቤት አለ፤ ደንበኛ ከመኪናው ሳይወርድ የሚስተናገድበት በመሆኑ በዓለም ትልቁ እየተባለ ስሙ ይነሣ ነበር። ሚድታውንን አቋርጦ በሚያልፈው በፒችትሪ ጎዳና ላይ ደግሞ፣ ወደ መሐል ከተማው ባለው ክፍል፣ በ1946 አንድ አነስተኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ጀመረ። ዋና ተግባሩ የደቡቡን ወባ ማጥፋት ነበር። ይህ መሥሪያ ቤት አድጎ ዛሬ ሲዲሲ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ሆነ፤ በኋላም ወደ ክሊፍተን መንገድ ተዛወረ። የሆት ዶጉ ቤትና በሽታን የሚቆጥረው መሥሪያ ቤት በአንድ ከተማ መገኘታቸው አጋጣሚ ነው፤ የምናየው ታሪክ ግን በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ነው።

ወደ ማቀዝቀዣው እንመለስ። በአሜሪካ ሰው ሜዳ ላይ ስለማይጸዳዳ፣ ከብቱም በቄራ ስለሚመረመር፣ ሥጋውም ብዙ ጊዜ ስለሚቀዘቅዝ የኮሶ ትል ብርቅ ነው። ወገኖቻችን ይህን በተሞክሮ ደርሰውበታል፤ ለዓመታት ክትፎ የበላ ሰው ኮሶ ስላልታየበት «የአሜሪካ ሥጋ ንጹሕ ነው» ይላል። ስለ ኮሶ ከሆነ አልተሳሳተም። ነገር ግን በ1982 በኦሪገንና በሚሺጋን ያልበሰለ ሃምበርገር ከበሉ ሰዎች አንድ ተሕዋስ ተለየ፤ ስሙ ኢ ኮላይ ኦ157 ኤች7 ይባላል። ይህ ባክቴሪያ በከብቱ አንጀት ውስጥ ከብቱን ሳያሳምም ይኖራል። በ1993 መጀመሪያ በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር፣ በአይዳሆ፣ በካሊፎርኒያና በኔቫዳ በአንድ የሃምበርገር ድርጅት መደብሮች በኩል ተሰራጭቶ ከ700 በላይ ሰዎችን አሳመመ፤ አራት ሕፃናትም ሞቱ። በሽታው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆችና በሽማግሌዎች ላይ ኩላሊትን እስከ ማቆም ይደርሳል።

እጭና ባክቴሪያ የሚለያዩበት ነጥብ ለእኛ ወሳኝ ነው። እጩ በጡንቻው ውስጥ የተቀበረ ሲሆን፣ ብርድ ይገድለዋል፤ ዓይን ያየዋል፤ ቢያመልጥም መድኃኒት ያወጣዋል። ባክቴሪያው ግን በእርድ ጊዜ ከቆዳው ወይም ከአንጀቱ ወደ ሥጋው ገጽ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ብርድ አይገድለውም፤ ዓይን አያየውም፤ ለመታመም የሚበቃውም መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ሙሉ ሙዳ ሥጋ ሲሆን በገጹ ላይ ይቀራል፤ እሳትም ገጹን ሲነካው ይሞታል። ሥጋው ሲፈጭ ግን የገጹ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል። በትልልቆቹ ፋብሪካዎች ደግሞ አንዲት ጥቅል የተፈጨ ሥጋ የብዙ ከብቶች ድብልቅ ልትሆን ትችላለች። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ ሥጋ በመካከሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ለብ ለብ ወደዚህ መጠን አይቀርብም። ሚጥሚጣውና ኮረሪማው ይገድለዋል የሚለው እምነትም መሠረት የለውም። በአገር ቤት ባለሙያዋ ሴት ከአንድ የታወቀ በሬ ሥጋ ላይ ሥሩንና ጅማቱን ለቅማ በቢላዋ የምትከትፈው ክትፎና፣ እዚህ ከሱቅ ተፈጭቶ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚገዛው ሥጋ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው አደጋ ደግሞ ከጥሬ ሥጋ ጋር አይያያዝም፤ እንዲያውም ከቫርሲቲው ገበታ ጋር ነው። በጥቅምት 2015 የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋም ከአሥር አገሮች የተውጣጡ 22 ሊቃውንት ሰብስቦ፣ ሆት ዶግ፣ ባኮን፣ ሃም፣ ሶሲጅና የመሳሰሉትን የተቀነባበሩ ሥጋዎች በሰው ላይ ነቀርሳ እንደሚያመጡ በተረጋገጠላቸው ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገባ፤ ቀይ ሥጋን ደግሞ ምናልባት ከሚያመጡት መደበ። በየዕለቱ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ፣ ማለትም አንድ ሆት ዶግ ያህል መብላት የትልቁ አንጀት ነቀርሳን ዕድል በ18 በመቶ ከፍ ያደርጋል ተባለ። ቁጥሩ እንዳያሳስት መተርጎም አለበት። በአሜሪካ ከመቶ ሰዎች አራት ያህሉ በዕድሜያቸው ይህ በሽታ ያገኛቸዋል፤ 18 በመቶ ሲጨመርበት አምስት አይሞላም። ምድቡ ከትምባሆ ጋር አንድ ቢሆንም፣ የሚናገረው ስለ ማስረጃው ጥንካሬ እንጂ ስለ ጉዳቱ መጠን ስላልሆነ ሆት ዶግ እንደ ሲጋራ ይገድላል ማለት አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ሥጋውን ቀይ አድርጎ ለማቆየት ከሚጨመረው ናይትራይት፣ ከራሱ ከሥጋው የደም ብረትና በኃይለኛ እሳት ሲጠበስ ከሚፈጠሩት ውሑዶች ነው ተብሎ ይታመናል።

ከወገኖቻችን መካከል፣ በክርስቲያኑም ሆነ በሙስሊሙ ዘንድ፣ ሆት ዶግ ሲገዛ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «አሳማ አለበት?» የሚል። የለበትም ከተባለ ነገሩ ያበቃል። ናይትራይት ግን የሃይማኖት ልዩነት አያውቅም፤ ከበሬ ሥጋም ከአሳማም ጋር እኩል ይሠራል። የቋንጣችንስ ነገር? ተቋሙ የተቀነባበረ ሥጋ የሚለው በጨው፣ በጭስ፣ በማብላላት ወይም ለማቆየት በሚደረግ ሌላ ዘዴ የተለወጠውን ሁሉ ስለ ሆነ፣ በቃሉ ከሄድን ቋንጣም ከዚያው ይገባል። ሆኖም ቋንጣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በነፋስ የሚደርቅ፣ ናይትራይት የማይጨመርበት፣ በየዕለቱም የማይበላ በመሆኑ ከፋብሪካው ሥጋ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኑ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

በሸንጎአችን ዘወትር የሚሰማ አንድ ክርክር አለ፤ «አያቴ ጥሬ ሥጋ እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖሩ» የሚል። የአያት ዕድሜ እውነት ሊሆን ይችላል። መቆጠር ያለበት ግን አያት በዓመት ስንት ቀን ሥጋ በሉ የሚለው ነው። ዛሬም ቢሆን በኢትዮጵያ አንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ሥጋ በአማካይ አሥር ኪሎ አይሞላም፤ በአሜሪካ ከመቶ ኪሎ ያልፋል። አያት 180 ቀን ጾመው፣ በየበዓሉ በልተው፣ በየሁለት ወሩ ኮሶ ጠጥተው ነው የኖሩት። የልጅ ልጃቸው ግን በሥራ ሰዓቱ ምክንያት ረቡዕና ዓርብን ትቶ፣ በየቅዳሜው ቁርጥ፣ በየምሳው ደግሞ ከሱቅ የተገዛ ሶሲጅ እየበላ በአያቱ ዕድሜ ይምላል። የአያቱን ዕድሜ የሠራውን ሥርዓት ሳይይዝ የአያቱን ቢላዋ ብቻ ወርሷል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ከ1993ቱ ወረርሽኝ በኋላ፣ በ1994 የአሜሪካ መንግሥት ይህ ባክቴሪያ የተገኘበትን ጥሬ የተፈጨ ሥጋ የተበከለ ነው ብሎ ከሽያጭ አገደ፤ በ1999 ደግሞ ሕጉ በመፈጨት ወይም በመወጋጋት ገጹ ወደ ውስጥ ወደ ገባ ሥጋ ሁሉ እንዲስፋፋ ተደረገ። ሳይፈጭ እንደ ሙዳው የሚሸጠው ሥጋ ግን ከዚህ ሕግ ውጭ ቀረ፤ ምክንያቱም ባክቴሪያው በገጹ ላይ ስለሚቀር፣ ገዢውም እሳት ያስነካዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። እኛ «ጥሬ ሥጋ» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራቸውን ቁርጥንና ክትፎን የአገሩ ሕግ በሁለት ከፍሏቸዋል ማለት ነው። ሙዳውን እሳት ሳያስነካ የሚበላ ገዢ ይኖራል ብሎ ግን ሕግ አውጪው አላሰበም። ከአትላንታ ሱቅ ሙሉ ሙዳ ገዝታ፣ ገጹን ገፍፋ ጥላ፣ በራሷ መክተፊያ የምትከትፍ እናት አደጋውን በእጅጉ ትቀንሳለች፤ ጨርሳ ግን አታጠፋውም። ለሕፃናቱና ለአረጋውያኑ ሳህን ደግሞ ምጣዱን ትጥዳለች።